«ጎግል ላይ ፈልጉኝ» ያለው አሠልጣኝ

እስከ 2024 ድረስ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ቀኖች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ የዩኒቨርሲቲ ፉትቦል የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲን ያህል የተሸነፈ ትልቅ ቡድን አልነበረም። ከመቶ ዓመት በላይ በቆየ ታሪኩ ከ700 ጊዜ በላይ ተረትቷል። በአንድ የውድድር ዘመን አሥር ጨዋታ አሸንፎም አያውቅም ነበር። እኔ የምኖረው ዩኒቨርሲቲው ባለበት ከተማ በብሉሚንግተን ነው። ሥራዬ አውቶቡስ መንዳት ሲሆን፣ በጨዋታ ቀን ሕዝቡን በመኪና ማቆሚያውና በስታዲየሙ መካከል ከሚያመላልሱት ሾፌሮች አንዱ ነኝ። የቡድኑን ታሪክ ያወቅሁትም ባብዛኛው ከኋላ ወንበር ከሚሰማ ወሬ ነው።

ወሬው ደግሞ ቀልድ ይበዛበት ነበር። ተስፋ የቆረጠ ደጋፊ ይቀልዳል እንጂ አይቆጣም። ቅዳሜ ጠዋት ተማሪው ከስታዲየሙ አጠገብ ባለው ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። የፒክአፕ መኪና ኋላ ተከፍቶ ሥጋ ይጠበሳል፣ ቢራ ይጠጣል፣ ዘፈን ይለቀቃል። ቴይልጌት ይሉታል። ጨዋታው ሲጀመር ግማሹ ሰው እዚያው ይቀር ነበር። ከገቡትም ብዙዎቹ እረፍት ላይ ወጥተው ወደ ጥብሳቸው ይመለሱ ነበር። ስታዲየሙ ከ52 ሺህ በላይ ሰው የሚይዝ ቢሆንም ወንበሩ ባዶውን የሚቀርበት ቀን ብዙ ነበር።

ነገሩ ብሉሚንግተን የቅርጫት ኳስ ከተማ ስለሆነችም ነው። ዩኒቨርሲቲው በቅርጫት ኳስ አምስት ጊዜ የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆኗል፤ በ1940፣ በ1953፣ በ1976፣ በ1981 እና በ1987። የኋለኞቹን ሦስቱን ያመጣው ቦብ ናይት ነው። ሽማግሌዎቹ ስለ ናይት ሲያወሩ ድምፃቸው ይለወጣል። ፉትቦል ለእነሱ ቅርጫት ኳስ እስኪጀምር ድረስ የሚጠበቅበት ጊዜ ማሳለፊያ ነበር።

ለማያውቀው አንባቢ ጨዋታውን ባጭሩ ልንገር። ፉትቦል ስል እኛ የምናውቀውን የእግር ኳስ አይደለም፤ የራስ ቁርና የትከሻ መከላከያ ለብሰው የሚጋጩበትን ነው። ከየቡድኑ 11 ሰው ይሰለፋል። ኳሱን የያዘው ቡድን በአራት ሙከራ ቢያንስ አሥር ያርድ፣ ማለትም ዘጠኝ ሜትር ያህል፣ ወደፊት መሄድ አለበት። ከቻለ ሌላ አራት ሙከራ ይሰጠዋል፤ ካልቻለ ኳሱን ለባላጋራው ያስረክባል። ኳሱን እስከ ሜዳው መጨረሻ ካደረሰ ስድስት ነጥብ ያገኛል፤ ተችዳውን ይባላል። ከዚያ በኋላ ኳሱን በሁለቱ ምሰሶዎች መካከል ለግቶ አንድ ነጥብ መጨመር ይችላል። ገና በሩቅ ሳለ ከለጋው ደግሞ ሦስት ነጥብ ነው። ቡድኑን የሚመራው፣ እያንዳንዱን ሙከራ የሚያስጀምረውና ኳሱን የሚወረውረው ሰው ኳርተርባክ ይባላል። ይህን ያወቀ ሰው ጨዋታውን ለማየት በቂ እውቀት አለው። የቀረውን እኔም የተማርኩት እያየሁ ነው፤ ሕጉን ሁሉ አውቃለሁ የሚል አሜሪካዊም አላጋጠመኝም።

በኅዳር 2023 ዩኒቨርሲቲው አሠልጣኙን ቶም አለንን አሰናበተ። አለን በ2020 ስምንት ጨዋታ ተጫውቶ ስድስቱን ያሸነፈ ቡድን ነበረው፤ ያኔ ከተማው ሁሉ ወዶት ነበር። ከዚያ በኋላ ግን በተከታታይ በሦስት ዓመት ሁለት፣ አራት፣ ሦስት ጨዋታ ብቻ አሸነፈ። ውሉን ለማፍረስ ዩኒቨርሲቲው ከ15 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፈለ። ሰው ከሥራ ሲባረር ይህን ያህል የሚከፈለው በየትኛው ዓለም ነው የሚል ካለ፣ መልሱ በአሜሪካ የዩኒቨርሲቲ ፉትቦል ውስጥ ነው።

በእሱ ቦታ የመጣው ከርት ሲግኔቲ ነው። የ62 ዓመት ሰው ነበር፤ አብዛኛው የከተማው ሰው ስሙን እንኳ ሰምቶ አያውቅም። ትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ዋና አሠልጣኝ ሲፈልጉ የሚሽቀዳደሙበት ዓይነት ሰው አልነበረም። አባቱ ፍራንክ ሲግኔቲ የታወቀ አሠልጣኝ ነበር፣ በዩኒቨርሲቲ ፉትቦል የዝና መዝገብ ውስጥ ስሙ የገባ። ልጁ ግን ለረዥም ዓመታት የሠራው በረዳትነት ነው። ከ2007 እስከ 2010 በአላባማ ዩኒቨርሲቲ በኒክ ሴበን ሥር አገልግሏል። ሴበን በዚህ ስፖርት ታሪክ ብዙ ዋንጫ በማንሳት የሚስተካከለው የሌለ አሠልጣኝ ነው። ከዚያ በኋላ ሲግኔቲ ሰው ሁሉ እብደት ያለውን ሥራ ሠራ። የአላባማን ደመወዝና ዝና ትቶ፣ በዝቅተኛ ምድብ የሚጫወት የፔንስልቬንያ ትንሽ ዩኒቨርሲቲ ዋና አሠልጣኝ ሆነ። ሃምሳ ዓመት ሊሞላው አካባቢ ነበር። አባቱም ቀድሞ ያሠለጠነው እዚያው ነው። ከዚያ ወደ ኢላን፣ ከኢላን ወደ ጄምስ ማዲሰን ሄደ። በጄምስ ማዲሰን በአምስት ዓመት 52 ጊዜ አሸንፎ 9 ጊዜ ብቻ ተሸነፈ። ዋና አሠልጣኝ ከሆነ ወዲህ የተሸነፈበት ጨዋታ ካሸነፈበት የበዛበት ዓመት የለም።

በታኅሣሥ 2023 ጋዜጠኞች እንዴት አድርገህ ነው ተጫዋቾችን እዚህ እንዲመጡ የምታሳምነው ብለው ጠየቁት። ቀላል ነው አለ፤ እኔ አሸንፋለሁ፣ ጎግል ላይ ፈልጉኝ። ይህች ቃል በአንድ ቀን አገር አዳረሰች። ቀደም ብሎም በቅርጫት ኳስ ጨዋታ ላይ ማይክ ይዞ የጎረቤቱን ባላንጣ ፐርዱን ሰደበ፣ ቀጥሎም ሚሺጋንንና ኦሃዮ ስቴትን ጨመረ። አዳራሹ ጮኸለት። እኔ በበኩሌ ሰውዬው እብሪተኛ ነው ብዬ ነበር። አብሮኝ የሚሠራ፣ ተወልዶ ያደገው እዚሁ የሆነ ሾፌር ደግሞ «ሁሉም ሲመጡ እንዲህ ይላሉ፣ ሲሄዱ ግን ቼክ ይዘው ይሄዳሉ» አለኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ሰው ሁሉ ቀጥሎ በ2024 የሆነውን ተአምር ይለዋል። ተአምር አልነበረም፤ አሠራሩ ግልጽ ነው።

ድሮ የዩኒቨርሲቲ አሠልጣኝ ሲለወጥ ትዕግሥት ይጠየቃል። አዲሱ ሰው ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የ17 ዓመት ልጆችን መልምሎ፣ አሳድጎ፣ በአራተኛው ዓመት ፍሬውን ያያል። ተጫዋች ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ መዛወር ቢፈልግ አንድ ዓመት ሙሉ ከሜዳ ውጭ መቀመጥ ነበረበት። በ2018 ትራንስፈር ፖርታል የሚባል የዝውውር መዝገብ ተከፈተ፤ መዛወር የፈለገ ስሙን ያስመዘግባል፣ ሌሎች አሠልጣኞች ያነጋግሩታል። በ2021 ደግሞ የአንድ ዓመቱ ቅጣት ተነሣ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ተጫዋቾች በስማቸውና በምስላቸው ገንዘብ እንዲያገኙ ተፈቀደ። ከዚያ ወዲህ አሠልጣኝ ሲሄድ ቡድኑም ሊከተለው ይችላል።

ሲግኔቲ ይህ ከማንም ቀድሞ የገባው ሰው አይደለም፤ ግን ከማንም በተሻለ ተጠቀመበት። ከጄምስ ማዲሰን 13 ተጫዋቾች ይዞ መጣ። የመከላከሉን ክፍል የሚመራውን ብራያንት ሄይንዝንና የማጥቃቱን ክፍል የሚመራውን ማይክ ሻናሃንንም አመጣ። ለድግስ የተጠራች ባለሙያ ድስቷን፣ ማማሰያዋንና የለመደቻቸውን ረዳቶች ይዛ እንደምትመጣው ማለት ነው፤ የሰው ጓዳ ገብታ ጨው የት ነው ስትል አትውልም። ተጫዋቾቹ የእሱን ልምምድ፣ የእሱን ምልክት፣ የእሱን ቁጣ ያውቁታል። አዲስ የሚሆንባቸው ከተማው ብቻ ነው።

ሌላው መመዘኛው ነው። አብዛኛው አሠልጣኝ የሚማረከው በቁመት፣ በፍጥነት፣ ወደፊት ሊሆን በሚችለው ነገር ነው። ሲግኔቲ ወደፊት ምን ይሆናል ከማለት ይልቅ እስካሁን ምን ሠራ ብሎ እንደሚጠይቅ በግልጽ ይናገራል። ትንሽ ዩኒቨርሲቲ ውስጥም ቢሆን ሜዳ ገብቶ ፍሬ ያሳየ የ22 ዓመት ሰው፣ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ወንበር ላይ ከተቀመጠ የ18 ዓመት ዝነኛ ይሻለዋል። ዲአንጀሎ ፖንድዝን ውሰዱ። ቁመቱ 1 ሜትር ከ75 አካባቢ ነው፤ በዚህ ስፖርት እንዲህ ያለውን ልጅ ትልልቆቹ ገና በር ላይ ይመልሱታል። ከጄምስ ማዲሰን ተከትሎ መጣና በረዣዥሞቹ ላይ እየዘለለ ኳስ የሚነጥቅ ተከላካይ ሆነ። ኤይደን ፊሸር፣ ሚካይል ካማራ፣ ኢላይጃ ሳራት ሁሉም ከዚያው ናቸው። ኳርተርባኩ ከርቲስ ሮርክ ደግሞ ካናዳዊ ነው፤ ከኦሃዮ ዩኒቨርሲቲ መጣ፤ ከታላቁ ኦሃዮ ስቴት ሳይሆን በስም ከሚቀራረበው ትንሹ ዩኒቨርሲቲ።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። አሠልጣኝ 13 ሰው ይዞ ሲመጣ ለ13 ሰው ቦታ መለቀቅ አለበት። አለን ከተባረረ በኋላ በርካታ ነባር ተጫዋቾች በዝውውር መዝገቡ ወጥተዋል። በአውቶቡሴ ሲመላለሱ የማውቃቸው ልጆች በጥር አልነበሩም። ስለ እነሱ የሚጽፍ ጋዜጠኛ አላየሁም። ጄምስ ማዲሰንስ? እዚያ የቀሩት ደጋፊዎች አሠልጣኛቸውና ኮከቦቻቸው በአንድ ወር ውስጥ ተጠራርገው ሲሄዱባቸው ምን አሉ? አሠራሩ ብልህ ነው ስል ንጹሕ ነው ማለቴ አይደለም።

ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት ጋዜጠኞች ኢንዲያናን ቢግ ቴን በሚባለው ሊግ ከ18 ቡድኖች 17ኛ አድርገው ገመቱት። (ስሙ «ትልቁ አሥር» ሆኖ ቡድኖቹ 18 ናቸው፤ የቴሌቪዥን ገንዘብ ከፓሲፊክ ዳርቻ ድረስ ስቦ ያመጣቸው አሉበት።) የመጀመሪያው ጨዋታ ነሐሴ 31 ነበር፤ 31 ለ 7 አሸነፉ። ሁለተኛው በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜ 1 ቀን ምሽት ነበር፤ እኛ ቤት የዓመት መለወጫ ሽር ጉድ ሲጀመር እነሱ ዌስተርን ኢሊኖይን 77 ለ 3 አደረጉት። ማንም አልተደነቀም። ደካማ ቡድን ነው ተባለ፤ እውነትም ደካማ ነው። በእንቁጣጣሽ ሳምንት መጨረሻ ካሊፎርንያ ሄደው ዩሲኤልኤን 42 ለ 13 ረቱ። ያ ጨዋታ የተደረገው ሮዝ ቦውል በሚባለው ዝነኛ ስታዲየም ነው፤ ኢንዲያና ከዚያ በፊት እዚያ የተጫወተው በጥር 1968 ሲሆን ያኔ 14 ለ 3 ተሸንፎ ነበር። የመስቀል ማግስት ሜሪላንድን 42 ለ 28፣ በሚቀጥለው ሳምንት ኖርዝዌስተርንን 41 ለ 24። በመካከል ያልጠቀስኩትን አንድ ጨዋታ ጨምሮ ስድስት ጨዋታ፣ ስድስት ድል።

ጥቅምት 19 ኔብራስካ መጣ። ከተማው የተለወጠው ያን ቀን ነው። ኔብራስካ ትልቅ ስም ያለው፣ ደጋፊው እንደ ጎርፍ ተከትሎት የሚሄድ ቡድን ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ ቀይ የለበሰ ሰው ከቀይ የለበሰ ሰው ጋር ተቀላቅሎ የቱ የማን እንደሆነ መለየት አቃተኝ፤ ሁለቱም ቀይ ነው የሚለብሱት። ኢንዲያና 56 ለ 7 አሸነፈ። ግን በመጀመሪያው አጋማሽ መጨረሻ ላይ የሮርክ አውራ ጣት ተጎዳ። ማታ ስመልሳቸው ደጋፊዎቹ በ49 ነጥብ ያሸነፈውን ቡድን ትተው ስለ አንድ ጣት ነበር የሚያወሩት።

በሳምንቱ ዋሽንግተን መጣ፤ በቴሌቪዥን ዝነኛው የቅዳሜ ጠዋት የፉትቦል ፕሮግራምም ብሉሚንግተን ገባ። ተማሪው ከሌሊት ጀምሮ ተሰልፎ አደረ። በሮርክ ቦታ ተተኪው ቴይቨን ጃክሰን ገባ። ያ ትንሹ ፖንድዝ ገና በመጀመሪያው ላይ የዋሽንግተንን ኳስ ነጥቆ 67 ያርድ ሮጠና ተችዳውን አስቆጠረ፤ በኋላም ሌላ ኳስ ነጠቀ። 31 ለ 17 አለቀ። ያን ቀን እረፍት ላይ ወደ መኪና ማቆሚያው የሚመለስ ሰው ስላልነበረ አውቶቡሱን አቁመን ሾፌሮች ሁሉ በስልክ ጨዋታውን እያየን ዋልን። አለቃችን መጥቶ ምን ታደርጋላችሁ ሊለን ሲል ስንት ለስንት ነው ብሎ ተቀመጠ።

በሚቀጥለው ሳምንት ሚሺጋን ስቴት 10 ለ 0 መራቸው። በዚያ ዓመት ሲመሩ የመጀመሪያቸው ነበር። ከዚያ ኢንዲያና 47 ነጥብ በተከታታይ አስቆጠረ፤ ባላጋራው አንድም አልጨመረም።

የሲግኔቲን ፊት ቴሌቪዥኑ ደጋግሞ ያሳያል። 40 ነጥብ እየመራም ግንባሩ እንደተቋጠረ ነው። ልጄ በስልኩ ላይ የፊቱን ፎቶ ሰብስቦ፣ ይህ ሲመራ ነው፣ ይህ ሲመራ ነው፣ ይህም ሲመራ ነው እያለ ያሳየኛል። ሰውዬው ደስታውን ደብቆ ሳይሆን ቀጣዩን ሙከራ እያየ ይመስለኛል። ቡድኑም እንደዚያው ሆነ። 50 ነጥብ እየመሩ ቅጣት የሚያስከትል ጥፋት ላለመሥራት ይጠነቀቃሉ፤ ይሄ ከልምምድ እንጂ ከንግግር አይመጣም።

በስታዲየሙ ሰሜን ጫፍ አንድ ትልቅ የኖራ ድንጋይ አለ። አካባቢው የኖራ ድንጋይ አገር ነው፤ የኒው ዮርኩ ኢምፓየር ስቴት ሕንፃ የተለበጠው ከዚህ በወጣ ድንጋይ ነው። በስታዲየሙ ያለውን ያስቀመጠው ቴሪ ሄፕነር የተባለ አሠልጣኝ ነው፤ በ2005 ነበር። ተጫዋቾች ወደ ሜዳ ሲገቡ በእጃቸው ይነኩታል። ሄፕነር ቡድኑን ከመደበኛው 12 ጨዋታ አልፎ 13ኛውን፣ ማለትም የዓመቱን መጨረሻ የክብር ጨዋታ እናጫውተዋለን ይል ነበር። ሁለት ዓመት አሠልጥኖ በ2007 ክረምት በአንጎል ካንሰር ሞተ። በዚያው ዓመት ተጫዋቾቹ 13ኛውን ጨዋታ ተጫወቱ። ከጄምስ ማዲሰን የመጡት የሲግኔቲ ልጆች ስለ ሄፕነር ምን ያህል እንደሚያውቁ እንጃ፤ ድንጋዩን ግን አንዱም ሳይነካ አያልፍም።

ኅዳር 9 ሚሺጋን መጣ። የዚያ ዓመት ሚሺጋን የተዳከመ ቢሆንም ያለፈው ዓመት የአገሪቱ ሻምፒዮን ነው። እስከ እረፍት ኢንዲያና 17 ለ 3 መራ። ከእረፍት በኋላ የኢንዲያና ማጥቃት ጨርሶ ቆመ። ሚሺጋን ቀስ በቀስ ተጠግቶ በአራተኛው ሩብ 17 ለ 15 አደረሰው፤ ከተችዳውን በኋላ ኳሱን በመለጋት ፈንታ የሚደረገውን፣ እኩል የሚያደርገውን የሁለት ነጥብ ሙከራ ሳተ። ኢንዲያና በመጨረሻ ሦስት ነጥብ ጨምሮ 20 ለ 15 አለቀ። አሥረኛው ድል፣ በታሪኩ የመጀመሪያው። ሽማግሌዎች ሲያለቅሱ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ አንዱ አውቶቡስ ውስጥ ገብቶ በሩ አጠገብ ቆሞ ቀረና ሌላው ሰው አልፎት እንዲገባ ትከሻውን ይዤ አስቀመጥኩት።

በሳምንቱ ዩኒቨርሲቲው ለሲግኔቲ አዲስ የስምንት ዓመት ውል ሰጠው፤ በአማካይ በዓመት 8 ሚሊዮን ዶላር። እዚህ ላይ ጥርሴን መንከሴ አልቀረም። ሁለት ልጆች ለማስተማር የዩኒቨርሲቲ ክፍያ የሚቆጥር ሰው፣ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ለአንድ አሠልጣኝ ከፕሬዚደንቱ በብዙ እጥፍ እንደሚከፍል ሲሰማ ቢከፋው አይፈረድበትም። የሚሰጡት መልስ ገንዘቡ ከትኬት፣ ከቴሌቪዥንና ከለጋሾች የሚመጣ ነው የሚል ነው። ይሁን። ለቤተ መጻሕፍት እንዲህ የሚለግስ ግን እስካሁን አልሰማሁም።

ኅዳር 23 ወደ ኮለምበስ፣ ወደ ኦሃዮ ስቴት ሄዱ። ከመቶ ሺህ በላይ ሰው የሚይዝ ስታዲየም ነው። የነቢያት ጾም ዋዜማ ስለነበረ የእኛ ሰዎች ለቅበላ ቤቴ ተሰብስበው ነበር፤ ክትፎ ቀርቦ፣ አብዛኞቹ ጨዋታውን የማያውቁ፣ ግን ብሉሚንግተን እየተጫወተ ነው ሲባል ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ የማይነቅሉ። ኢንዲያና ቀድሞ ተችዳውን አስቆጠረ፤ ቤቱ ደመቀ። ከዚያ ኳስ ለግቶ የሚያስረክበው ልጅ የተቀበለው ኳስ ከእጁ አመለጠ፣ ኦሃዮ ስቴትም ተጠቀመበት። ከእረፍት በኋላ ደግሞ የተለጋውን ኳስ ኬለብ ዳውንዝ የተባለ ልጅ ይዞ 79 ያርድ ሮጠበት። 38 ለ 15። በሁለት ስሕተት የጠፋ ጨዋታ ነው ብለው የተከራከሩ ነበሩ። አይደለም፤ ያን ቀን የኦሃዮ ስቴት ልጆች በጉልበትም በፍጥነትም ይበልጡ ነበር፤ ሮርክ ኳስ ለመወርወር ፋታ እንኳ አላገኘም።

በመጨረሻው ሳምንት ፐርዱ መጣ። ሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች ከ1925 ጀምሮ የሚፎካከሩት ለአሮጌ የእንጨት ባልዲ ነው። አሸናፊው በየዓመቱ የፊደል ቅርጽ ያለው የነሐስ ቀለበት በሰንሰለቱ ላይ ይጨምራል፤ ኢንዲያና ሲያሸንፍ አይ፣ ፐርዱ ሲያሸንፍ ፒ። የመጀመሪያው ዓመት 0 ለ 0 ስለተለያዩ የመጀመሪያው ቀለበት ሁለቱንም ፊደል ይዟል። ከ2024 በፊት በነበሩት ሦስት ዓመታት የተጨመሩት ሁሉ ፒ ነበሩ። በ2024 ኢንዲያና 66 ለ 0 አሸነፈ። ስለዚህ ጨዋታ ሌላ የሚባል የለም።

በዚያ ዓመት የዋንጫው ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ ከአራት ቡድን ወደ 12 ቡድን ሰፍቶ ነበር። ኢንዲያና 10ኛ ሆኖ ገባና 7ኛውን ኖትርዳምን ለመግጠም ታኅሣሥ 20 ወደ ሳውዝ ቤንድ ወጣ፤ እዚያው ኢንዲያና ክፍለ ግዛት ሰሜን ጫፍ ነው። መጀመሪያ ላይ ሮርክ ወደ ተችዳውን መስመር ተጠግቶ ሳለ የወረወረው ኳስ ተነጠቀበት። ወዲያው የኖትርዳሙ ጀረማያ ላቭ 98 ያርድ ሮጠ። ሜዳው መቶ ያርድ ነው። ጨዋታው 27 ለ 17 አለቀ ቢባልም ኢንዲያና ሁለቱን ተችዳውን ያስቆጠረው ሁሉም ነገር ካበቃ በኋላ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ነው። በኋላ ደግሞ ሮርክ ዓመቱን ሙሉ የተጫወተው የጉልበቱ ጅማት ተበጥሶ ሳለ እንደነበረ ተሰማ። 29 ተችዳውን የወረወረው በዚያ ጉልበት ነው።

11 ድል፣ 2 ሽንፈት። በማግስቱ በቴሌቪዥን ያሉት ተንታኞች ኢንዲያና መግባት አልነበረበትም፣ የተጫወተው ከደካሞች ጋር ነው፣ ጠንካራ ሲያገኝ ተሸነፈ ማለት ጀመሩ። ክሱ ግማሽ እውነት አለው። ካሸነፋቸው ቡድኖች ብዙዎቹ ያን ዓመት ደካማ ነበሩ፤ የጨዋታውን መርሐ ግብር ግን የሚያወጣው ሊጉ ነው። ኢንዲያናን ያሸነፉት ሁለቱ ቡድኖች ደግሞ ጥር 20 ቀን ለዋንጫ የተገናኙት ራሳቸው ኦሃዮ ስቴትና ኖትርዳም ናቸው። ኦሃዮ ስቴት 34 ለ 23 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። ለሁለቱ ፍጻሜ ተፋላሚዎች ብቻ የተሸነፈ ቡድን ውድድሩ አይገባውም ነበር ማለት ለእኔ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብዙ ሰው ሰምቷል። በ2025 ሌላ ኳርተርባክ ፈርናንዶ ሜንዶዛ በዚያው በዝውውር መዝገብ ከካሊፎርንያ መጣ፤ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች የሚሸለመውን የሃይዝማን ሽልማት ወሰደ። ኦሃዮ ስቴትን 13 ለ 10 ረቱ፤ በሮዝ ቦውል የሲግኔቲን የቀድሞ ቤት አላባማን 38 ለ 3 አደረጉት፤ ጥር 19 ቀን 2026 ማያሚን 27 ለ 21 አሸንፈው የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆኑ። 16 ጨዋታ፣ 16 ድል። ፖንድዝና ፊሸር ያን ጊዜም ሜዳ ላይ ነበሩ።

ይህን ጨዋታ ላልለመደ አንባቢ አንድ ምክር አለኝ። ከዋንጫው ፍጻሜ አይጀምሩ፤ ከ77 ለ 3ቱም አይጀምሩ። የኅዳር 9 ቀን 2024ቱን የሚሺጋን ጨዋታ ፈልገው ሁለተኛውን አጋማሽ ብቻ ይዩ። ኢንዲያና ማጥቃት አቅቶት፣ ሚሺጋን ሁለት ነጥብ ቀርቶት፣ የኢንዲያና ተከላካዮች በአራተኛው ሩብ ምን እንዳደረጉ ያያሉ።